ፍጥረት ጸንቶ የሚቆምበትንና የሚንቀሳቀስበትን ጥበብ ስለ ማስተማር

ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ፣ ሣር ቢሆን ወይም ዛፍ፣ ትል ቢሆን ወይም በሬ ወይም ሰው፣ ሁለት ነገር ካልተሟላለት ሊኖር አይችልም። አንደኛው የገዛ ክብደቱን ተሸክሞ፣ መልኩንም ጠብቆ ጸንቶ መቆም ነው፤ ሁለተኛውም ምግቡን ወይም ብርሃኑን ወይም መጠጊያውን ለማግኘት መንቀሳቀስ ነው። ዛፍ ከተተከለበት አይነሣም ተብሎ እንቅስቃሴ የለውም ማለት አይገባም፤ ሥሩ ውኃ ወዳለበት፣ ጫፉም ብርሃን ወዳለበት ይሄዳልና። ይህንንም ማወቅ የሐኪም ብቻ ድርሻ አይደለም። ገበሬው አዝመራው ስለ ምን እንደ ወደቀ፣ አናጢው የትኛው እንጨት ሸክም እንደሚችል፣ እናትም የልጅዋ እግር ስለ ምን እንደ ጐበጠ ለመረዳት የሚያስፈልጋቸው ይኸው አንዱ ዕውቀት ነው።

ይህ ዕውቀት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ባዮሎጂ በሚባለው በሥነ ሕይወት ትምህርት ውስጥ፣ የዕፀዋትና የእንስሳት ድጋፍና እንቅስቃሴ ተብሎ ይሰጣል። መሰጠቱ መልካም ነው፤ አሰጣጡ ግን ሊታሰብበት ይገባል። በብዙ ክፍል የተለመደው እንዲህ ነው። መምህሩ የዐጥንቶቹን ስም በእንግሊዝኛ ቋንቋ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪውም ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ ሁመረስ፣ ራዲየስ፣ አልና እያለ ሲያጠና ያመሻል፤ በፈተናው ቀን ጽፎት ይወጣል፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ስሙም ነገሩም ከልቡ ይጠፋል። በገዛ ክንዱ ውስጥ ያለውን ዐጥንት በባዕድ ቋንቋ ስሙን ሲጠራ የከረመ ተማሪ፣ ክንዱ እንዴት እንደሚታጠፍና እንዴት እንደሚዘረጋ ቢጠይቁት መልስ ያጣል።

ለዚህ ጕድለት መምህሩን ብቻ መውቀስ ፍርድ አይሆንም። በ1986 ዓመተ ምሕረት የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ስለ ወሰነ፣ ተማሪው አዲስ ነገርንና አዲስ ቋንቋን በአንድ ጊዜ መሸከም ግድ ሆኖበታል። ሁለት ሸክም የበዛበትም ሰው ቀላሉን ይዞ ከባዱን መጣሉ የታወቀ ነው፤ ቀላሉ ስሙን ማስታወስ፣ ከባዱም ነገሩን መረዳት ነው። የ2014 ዓመተ ምሕረት ተማሪዎች የወሰዱት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር ወር 2015 ዓመተ ምሕረት ሲገለጽ፣ 50 ከመቶና ከዚያም በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በአንድ ምዕራፍና በአንድ ትምህርት ላይ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ያልገባውን ነገር በቃል የያዘ ተማሪ፣ ጥያቄው ጥቂት ተለውጦ በመጣ ጊዜ የሚይዘው እንደሚያጣ ከዚህ ይልቅ የሚያስረዳ ምልክት አይገኝም።

በዚህ ነገር የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለዘመናዊው ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት አላቸው። በቃል መያዝ ክፉ ነው ብለው አያውቁም፤ እንዲያውም ተማሪያቸው ከማንም ይልቅ በቃሉ ይይዛል። ነገር ግን ንባቡን ያወቀ ሁሉ መምህር አይባልም፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ገና በደጅ ያለ ነው፤ ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ቤት ገብቶ፣ ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ስለ ምንም እንዲህ እንደ ተባለ፣ አንድም እያለ የሚፈታ መምህር እግር ሥር መቀመጥ አለበት። ንባብ ለትርጓሜ መንገድ ነው እንጂ የጕዞው መጨረሻ አይደለም። የሥነ ሕይወት ተማሪ ግን የ206ቱን ዐጥንት ንባብ ተምሮ ወደ ትርጓሜው ሳይደርስ ይሸኛል። ሊታረም የሚገባው ይህ ነው።

የዚህ ምዕራፍ ትርጓሜው ምንድር ነው ቢሉ፣ በሦስት ጥያቄ ይጠቃለላል። ሸክሙ ምንድር ነው፤ ሸክሙን የሚችለው ምንድር ነው፤ የሚጐትተውስ ምንድር ነው። መምህር እነዚህን ሦስቱን በማናቸውም ፍጥረት ላይ እያነሣ ቢያስጠይቅ፣ ስሞቹ ከነገሩ በኋላ በቀላሉ ተከትለው ይመጣሉ። የሚያስፈልገውም ዕቃ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሳይሆን በጓሮና በማድ ቤት የሚገኝ መሆኑን ከዚህ ቀጥሎ ከሚነገረው መመልከት ይቻላል። ስለ ውጭ አገር ሰዎች የሚነገረው ዘመን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከዕፀዋት እንጀምር ቢባል ጎመን ይበቃል። የተቀጠፈ የጎመን ቅጠል በፀሓይ ቢውል ይልፈሰፈሳል፤ ውኃ ውስጥ ቢነከር ተመልሶ ይቆማል። ዐጥንት ሳይኖረው ያቆመው ምንድር ነው ቢባል ውኃው ነው። እያንዳንዱ ጥቃቅን ሕዋስ ውኃ ጠጥቶ በጠንካራ ግድግዳው ላይ ይገፋል፤ ይህም ግፊት በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው የአየር ግፊት የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ድንች በቀጭኑ ተቈርጦ አንዱ በንጹሕ ውኃ፣ ሁለተኛው ብዙ ጨው በገባበት ውኃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ቢቈይ፣ የመጀመሪያው ጠንክሮ ቀጥ ሲል ሁለተኛው ልል ሆኖ ይታጠፋል፤ ጨው ያለበት ውኃ ከሕዋሱ ውስጥ ያለውን ውኃ ስቦ ያወጣዋልና። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ፣ ገበሬ ማዳበሪያ ሲበዛበት ቡቃያው ስለ ምን እንደሚጠወልግ ያለ ሌላ መምህር ይገባዋል።

ውኃ ብቻ ግን ረጅሙን ዛፍ ሊያቆም አይችልም። ባሕር ዛፍ ወደ ሰማይ የሚወጣው ዛይለም የሚባሉት የውኃ ቧንቧዎቹ ግድግዳ፣ ሊግኒን በሚባል ጽኑ ነገር ተለብጦ እንጨት ስለሚሆን ነው፤ አንዱ ነገር ውኃውንም ያወጣል፣ ሸክሙንም ይችላል። የእንሰት ግን እንዲህ አይደለም። ግንድ የሚመስለው ግንድ ሳይሆን የቅጠሎቹ እግር እርስ በርሱ ተጠቅልሎ ነው፤ የሚያቆመውም በውስጡ የሞላው ውኃና ቃጫው ነው፤ ሰዎችም ያንኑ ቃጫ ፍቀው ገመድ ያደርጉታል። ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሳለ አይሰበርም፤ በጐን የሚመጣውን ነፋስ የሚችለው ከመካከሉ ይልቅ ዳሩ ነውና፣ ፍጥረት ጥቂት እንጨት አውጥታ ብዙ ጽናት አገኘችበት። በጣና ባሕር ዳር የሚበቅለው ደንገል ደግሞ ውስጡ አየር የመላበት እንደ ስፖንጅ ያለ ስለ ሆነ፣ ቆሞ ሳለ ራሱን ይደግፋል፤ ታጭዶ ሲታሰርም ታንኳ ሆኖ ሰውን ከነጭነቱ ያሻግራል። ተማሪው እነዚህን አራቱን በእጁ ይዞ ሰብሮና ሰንጥቆ ቢያነጻጽር፣ ሥዕል ከሚገለብጥ ይልቅ ብዙ ያተርፋል።

ይህ ነገር ለእርሻ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ጤፍን መመልከት ነው። የጤፍ አገዳ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ዘለላው ሲያፈራ በጫፉ ላይ ይከብዳል፤ ዝናብና ነፋስ በመጣ ጊዜ ጋሽቦ በምድር ላይ ይተኛል፤ ፍሬውም ይጐዳል፣ ለአጨዳም ያስቸግራል። ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ ሲጨመርለት ዘለላውም ይከብዳል፣ አገዳውም ይረዝማልና ውድቀቱ ይብሳል። ስንዴም ቀድሞ እንዲሁ ነበረ። ኖርማን ቦርሎግ የሚባለው የአሜሪካ ሰው በሜክሲኮ አገር ሲሠራ፣ የጃፓን አጭር ስንዴ ዘር ካለው ጋራ አዳቅሎ አገዳው አጭርና ጠንካራ የሆነ ስንዴ አወጣ፤ ስንዴውም ማዳበሪያ ጠጥቶ ብዙ ፍሬ ሲሸከም ሳይወድቅ ቆመ። በዚህ ሥራው የብዙ አገር ሕዝብ ከረኃብ ስለ ዳነ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው። የዚህ ሁሉ ሥር፣ ሸክሙ ምንድር ነው፣ የሚችለውስ ምንድር ነው የሚል ጥያቄ ነው። ለጤፍ ይህን ጥያቄ መልሰው የሚፈጽሙት ልጆች ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ክፍል ተቀምጠው ይሆናል፤ ጥያቄውን ግን ማንም ካላነሣላቸው እንዴት ይመልሱታል?

ስለ ዕፀዋት እንቅስቃሴም ማስተማሪያው ቅርብ ነው። የበቀለ አደንጓሬ በአንድ ጐኑ ብቻ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ በጥቂት ቀን ወደ ቀዳዳው ይጐብጣል። ቻርለስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋራ ሆኖ በ1880 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሣር ቡቃያ ጫፉ ቢሸፈን እንደማይጐብጥ፣ ከጫፉ በታች ያለው ብቻ ቢሸፈን ግን እንደሚጐብጥ አሳየ፤ እንግዲህ ብርሃንን የሚያውቀው ጫፉ፣ የሚጐብጠው ግን ከጫፉ በታች ያለው ነው። ከዚያም በ1920ዎቹ ዓመታት ፍሪትስ ቬንት የሚባለው የሆላንድ ሰው፣ ከጫፉ ወደ ታች የሚወርድ ኦክሲን የተባለ ነገር መኖሩን አስረዳ። ይህ ነገር በጥላው ወገን ስለሚበዛ በዚያ በኩል ያሉት ሕዋሳት ይረዝማሉ፤ አንዱ ጐን ሲረዝምም ግንዱ ወደ ብርሃኑ ይታጠፋል። የዳርዊን መሣሪያ ጥቂት ቡቃያና መሸፈኛ ነበር፤ ይህን የሚያጣ ትምህርት ቤት የለም።

ወደ እንስሳትም ሲመጡ፣ ፍጥረት ሸክምን የሚችልበት መንገድ ሦስት ዐይነት ሆኖ ይገኛል። የምድር ትል ዐጥንት የለውም፤ በአካሉ ውስጥ የታሰረው ውኃ ነው የሚያጸናው፤ ጡንቻው ያንን ውኃ ሲጨምቀው አንድ ጊዜ ይረዝማል፣ አንድ ጊዜ ያጥራል፣ እንዲህም እያለ ይሄዳል። አንበጣ ደግሞ ዐጥንቱን በውጭ ለብሶታል፤ ቅርፊቱ እንደ ጥሩር ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ጥሩር አያድግምና ባደገ ቍጥር አውልቆ ሌላ መልበስ አለበት። በሬና ዶሮ፣ ዓሣና ሰው ግን ዐጥንታቸው በውስጥ ነው፤ ስለዚህም ከአካላቸው ጋራ አብሮ ያድጋል፣ ቢሰበርም ይጠገናል። ጎመኑን ያቆመው ውኃ ትሉንም እንዳቆመው ያስተዋለ ተማሪ፣ የዕፀዋትና የእንስሳት ትምህርት በአንድ ርእስ የተጠራው በከንቱ እንዳልሆነ ያውቃል።

የዐጥንትን ባሕርይ ለማወቅ ሁለት የዶሮ ዐጥንት ይበቃል። አንዱ አቼቶ በሚባለው ኮምጣጤ ውስጥ ጥቂት ቀን ቢነከር ካልሲየም ያለበት ድንጋያዊው ነገር ይሟሟና ዐጥንቱ እንደ ጠፍር ይተጣጠፋል። ሁለተኛው በእሳት ቢቃጠል መልኩ ሳይጠፋ ይቀራል፤ በጣት ሲነካ ግን ይፈረፈራል፤ ያያያዘው ሥጋዊ ክር ተቃጥሏልና። እንግዲህ ዐጥንት ድንጋይና ክር የተባበሩበት ነው፤ ድንጋዩ እንዳይጐብጥ፣ ክሩም እንዳይሰበር ያደርጉታል። ይህን ለማሳየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የበዓል ማግስት በየቤቱ የሚጣለው ይበቃል።

በኮምጣጤ የለሰለሰውን ዐጥንት ያየ ተማሪ፣ ሪኬትስ የሚባለውን የሕፃናት በሽታ ሲነግሩት አይከብደውም። ሕፃን ፀሓይ ሳያገኝ በቤት ውስጥ ተሸፍኖ ሲያድግ ቫይታሚን ዲ ያጥረዋል፤ ያም ሲጐድል ካልሲየሙ በዐጥንቱ ውስጥ በሚገባ አይሰፍርም፤ እግሩም ይጐብጣል፣ የጐድኑም ዐጥንት ይለሰልሳል። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተጠንቶ በ1997 በታተመ ምርምር፣ የሳምባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት ውስጥ 210ሩ ሪኬትስ ሲኖርባቸው፣ የሳምባ ምች ካልያዛቸው 500 ውስጥ ግን የነበረባቸው 20 ብቻ ሆነው ተገኙ። ይህ እንዴት ይሆናል ቢባል፣ መተንፈስም ራሱ እንቅስቃሴ ነውና፣ የለሰለሰ ጐድንና የደከመ ጡንቻ ደረትን በሚገባ ሊከፍቱ አይችሉም። የዐሥራ ሦስት ወር ፀሓይ ባለበት አገር ሕፃን በፀሓይ እጦት መታመሙ የሚያሳዝን ነው፤ መድኀኒቱም በአብዛኛው ዕውቀት ነው።

የሚጐትተው ጡንቻ ነው። ስለ ጡንቻ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ፣ ጡንቻ ይጐትታል እንጂ አይገፋም የሚለው ነው። ስለዚህ ዐጥንትን የሚያዝዙት ጡንቻዎች ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ሁለት ሰዎች በአንድ መጋዝ ግንድ ሲሰነጥቁ አንዱ ሲስብ ሁለተኛው እንደሚለቅ፣ ክንድ ሲታጠፍ የፊቱ ጡንቻ ያጥራል የኋላው ይለቃል፤ ሲዘረጋም የኋላው ያጥራል የፊቱ ይለቃል። ተማሪው በሌላ እጁ ክንዱን ጨብጦ ይህን ወዲያው ሊያረጋግጥ ይችላል። ጡንቻው የሚያጥረውም ጥቃቅን ክሮቹ ራሳቸው ተሸብሽበው ሳይሆን አንዱ በሌላው መካከል እየተንሸራተተ ስለሚገባ መሆኑን፣ ሁለት ወገን ተመራማሪዎች በ1954 አስረድተዋል።

የስበቱም መጠን በሒሳብ ይታወቃል። በእጅ የተያዘ 5 ኪሎ ዕቃ ከክርን 35 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ጡንቻውም ዐጥንቱን የያዘው ከክርን 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን፣ ጡንቻው የሚስበው የ5 ኪሎ ሳይሆን የ35 ኪሎ ያህል ነው፤ የክንዱ የራሱ ክብደት ሳይቈጠር ማለት ነው። ጆቫኒ ቦሬሊ የሚባለው የኢጣልያ ሊቅ ከሞተ በኋላ በ1680 መታተም በጀመረው መጽሐፉ፣ ጡንቻ ከሚያነሣው ሸክም እጅግ የሚበልጥ ኀይል እንደሚያወጣ በዚሁ ዐይነት ስሌት አሳይቷል። በዚህም ጡንቻው ኀይል ቢከስርም እጅ ፍጥነትንና ርቀትን ያተርፋል። በማሕሌት ቆሞ የሚያድር ካህንም ያለ ምንም ጕዞ ስለ ምን እንደሚደክም ከዚህ ይገኛል፤ መቆም ራሱ የጡንቻ ሥራ ነው፤ በመቋሚያው ሲደገፍም ከእግሩና ከወገቡ ሸክም ከፍሎ ለክንዱ ይሰጣልና ያርፋል።

መጽሐፍን ብቻ አምኖ ነገሩን አለማየት ምን ያህል እንደሚያዘገይ የዚሁ ትምህርት ታሪክ ምስክር ነው። በጥንቱ የሮማ መንግሥት ዘመን የነበረው ሐኪም ገሌን የሰው ሬሳ መመርመር ስላልተፈቀደለት፣ ብዙውን የጻፈው ዝንጀሮና ሌሎች እንስሳትን መርምሮ ነበር። ከእርሱም በኋላ ከ1300 ዓመት በላይ መምህራን በወንበር ተቀምጠው መጽሐፉን ሲያነብቡ ኖሩ። የሰው የታችኛው መንጋጋ ከሁለት ዐጥንት የተገጠመ ነው ብሎ ነበርና ይኸው ሲነገር ቈየ። አንድሬያስ ቬሳሊየስ ግን በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰውን አካል በገዛ እጁ መርምሮ አንድ ዐጥንት መሆኑን አስረዳ። የኢትዮጵያ ተማሪ ዛሬ የሚማረው የቬሳሊየስን ግኝት ነው፤ የሚማርበት መንገድ ግን ቬሳሊየስ የተወውን የድሮውን የንባብ ልማድ ሆኖ መቅረቱ የሚያስደንቅ ነው።

ይልቁንም ይህ አገር ለዚህ ትምህርት ከማንም የሚበልጥ ምስክር አለው። በኅዳር ወር 1967 ዓመተ ምሕረት በአፋር ምድር ሐዳር በሚባለው ስፍራ የተገኘችው ድንቅነሽ፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው፤ ከመላው ዐጥንቷም 40 ከመቶ ያህሉ ተገኝቷል። በሁለት እግሯ ትሄድ እንደ ነበረ የታወቀው ማንም አይቷት ሳይሆን፣ የዳሌዋ ዐጥንት አጭርና ሰፊ፣ የጭኗም ዐጥንት ወደ ጕልበቱ ዘንበል ያለ በመሆኑ ነው፤ ሸክም በአንድ እግር ላይ ሲያርፍ አካል እንዳይወድቅ የሚያደርገው ይህ ነውና። እንደዚሁም አበበ ቢቂላ በ1952 ዓመተ ምሕረት በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ፣ በእያንዳንዱ እግር ውስጥ ያሉት 26 ዐጥንቶችና የተረከዙ ጅማት ምን እንደሚሠሩ ለዓለም አሳይቷል፤ ያ ጅማት እግር መሬት ሲረግጥ ተለጥጦ ኀይልን ያስቀምጣል፣ ሲነሣም ይመልሳልና። ተማሪ እነዚህን እያወቀ ምዕራፉን እንደ ባዕድ ነገር ሊያጠናው አይገባም ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአካልና የሕይወት ጕዳይ ነው። በገጠርም በከተማም ሰው ዐጥንቱ ሲሰበር ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ከወጌሾች መካከል እጃቸው የተባረከ፣ ልምዳቸውም የጠለቀ እንዳሉ አይካድም። ነገር ግን የተሰበረው ክንድ ወይም እግር በሸምበቆ ወይም በእንጨት ስንጣሪ እጅግ ጠብቆ ሲታሰር፣ ስብራቱ ደግሞ ከታሰረ በኋላ ሲያብጥ፣ የደም ሥሮቹ ይታነቃሉ። ደም ያጣ ጡንቻ ወደ 6 ሰዓት ያህል ከቈየ መሞት ይጀምራል፤ በኋላም ጋንግሪን ይሆንና የሰውየው ሕይወት እንዲተርፍ እጁ ወይም እግሩ መቈረጥ ግድ ይሆናል። የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት አካላቸው የተቈረጠ ብዙ ሰዎችን፣ ከእነርሱም ሕፃናትን ተቀብለዋል። ስብራቱ ቀላል ሆኖ ሳለ የእስራቱ ጥብቀት አካል አሳጣ ማለት ነው።

ዐጥንት ሕያው ነው፣ ደም ይፈልጋል፣ የሚጠገነውም ደም በሚያመጣለት ነገር ነው የሚለውን በልቡ የያዘ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ በዚያ ቤት ቢኖር፣ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋልን፣ ነጥተዋልን ወይም ጠቍረዋልን፣ ደንዝዘዋልን፣ ሕመሙስ ከመቀነስ ይልቅ ይብሳልን ብሎ ሊጠይቅ፣ ማሰሪያው ወዲያው ይፍታ፣ ወንድሜም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ ብሎ ሊናገር በቻለ ነበር። የሁመረስን ስም ብቻ የሚያውቅ ልጅ ግን ዝም ብሎ ያያል። በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት የፈተና ነጥብ ሳይሆን የአንድ ሰው ክንድ ነው።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ የታወቀ ነው። መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤቶች መሣሪያ የላቸውም ይባላል። እውነት ነው፤ ማይክሮስኮፕ የሌለው ብዙ ነው፣ ማይክሮስኮፕም ሊገዛለት ይገባል። ነገር ግን ጎመን፣ ድንች፣ አደንጓሬ፣ የዶሮ ዐጥንትና የተማሪው ክንድ የሌሉበት ትምህርት ቤት አይገኝም። ሁለተኛ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ ተማሪ የእንግሊዝኛውን ስም ማወቅ ግድ ነው ይባላል። ይህም እውነት ነው፤ ማንም ስሙ ይቅር አላለም፤ ስሙ ከነገሩ በኋላ ይምጣ፣ የአገሩም ቃል ከጐኑ ይጻፍ ነው የተባለው። ጡንቻና ጅማት፣ ጐድንና ጕልበት የሚሉ ቃላት ያሉት ቋንቋ ለዚህ ትምህርት ድኻ አይደለም። ሦስተኛ፣ ጊዜ አይበቃም ይባላል። በጎረቤት አገር በኬንያ ከ1985 ጀምሮ በተሠራበት ሥርዐተ ትምህርት ይህ ምዕራፍ የአራተኛው ዓመት የመጨረሻ ርእስ ነበር፤ በመጨረሻ የተቀመጠ ምዕራፍም ፈተና በደረሰ ጊዜ በጥድፊያ እንዲታለፍ የተጋለጠ ነው። እንግዲህ ጊዜ ማጣት በቦታ አመዳደብ የሚታረም ነገር እንጂ ከተማሪው ማስተዋል የሚቈረጥለት አይደለም።

በትምህርት ላይ የተሾሙት ሹማምንት ሊያደርጉት የሚገባው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። መምህር የሚያስተምረው ፈተናው የሚጠይቀውን ስለ ሆነ፣ ፈተናው አስቀድሞ ይለወጥ። የዚህን ዐጥንት ስም ጻፍ ከማለት ይልቅ፣ ጠብቆ የታሰረ ክንድ ጣቱ ስለ ምን ይቀዘቅዛል፣ የጋሸበ ጤፍ ምን ጐደለው፣ የተሸፈነ ቡቃያ ስለ ምን አይጐብጥም ብሎ ይጠይቅ። መምህራን በሚሠለጥኑበት ቦታ እነዚህን ቀላል ሙከራዎች በእጃቸው ሠርተው እንዲወጡ ይደረግ። በመማሪያውም መጽሐፍ ዳር የአገሩ ቋንቋ ስም ከእንግሊዝኛው ጋራ ይታተም።

የካህናቱም ድርሻ ትንሽ አይደለም። ሰው ሲሰበርም ሲወለድም አስቀድሞ የሚጠሩት፣ ቃላቸውም የሚሰማው እነርሱ ናቸው። የተጨነቀ ቤተ ሰብ ጣቱ የጠቈረ ልጅ ይዞ ሲመጣ፣ ማሰሪያው ይፈታ፣ ልጁም ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ የሚለው የካህኑ ቃል ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ይሠራል። አራስዋንም፣ ሕፃኑን የጧት ፀሓይ አሙቂው ቢሏት በደስታ ትቀበላለች። በተማሪዎችም ዘንድ ንባብ ያለ ትርጓሜ እንደማይበቃ የሚመሰክር ከእነርሱ የሚሻል ማን ነው?

አንድ አገር የሚቆመው እንደ አካል ነው። ብዙ ትምህርት ቤት መሥራት ዐጥንትን ማብዛት ነው፤ ዐጥንት ግን የሚጐትተው ጡንቻና የሚያጠጣው ደም ከሌለ ቁሞ መሄድ አይችልም፤ የትምህርትም ደሙ ማስተዋል ነው። ስለዚህ በሚመጣው የትምህርት ዘመን መምህሩ ሰሌዳውን ከመጻፉ አስቀድሞ ተማሪዎቹን፣ ክንዳችሁን ጨብጡና እጠፉት፣ ምን ተሰማችሁ ብሎ ቢጀምር፣ ለዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው መሣሪያ በእያንዳንዱ ልጅ ትከሻ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል።